ቀርከሃው የቆመበት በር

ኤቦ ቀርከሃውን አግድም ተሸክሞ ብቅ ሲል የአቤንሱ ገበያ ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። በየጠዋቱ ለንግድ ምክር ቤቱ መተላለፊያውን የሚለካበት የዚህ ቀርከሃ ርዝመት፣ ምክር ቤቱ በአባላቱ መዋጮ የገዛውን የውሃ ቦቴ ስፋት ያክላል። ቀርከሃው ካለፈ ቦቴው ያልፋል፤ ቦቴው ካለፈ፣ እሳት ቢነሳም ገበያው ይተርፋል።

ከጨርቅ ነጋዴው ልጅ ከኤክዋ ጋር ያስተዋወቀውም ይኸው ቀርከሃ ነው። አምና ጫፉ የአባቷን መደርደሪያ ነካና አንድ ጥቅል ጨርቅ ተዘርግቶ አናቱ ላይ ወረደ።

«ምነው ወንድም፣ ሳትከፍል ለበስከው እኮ!» አለች ሳቋ እያመለጣት።

«ካማረብኝ እከፍላለሁ» አላት ከጨርቁ ውስጥ።

ጨርቁን ሲገልጥ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ወዲያ ኤክዋ የጠዋት ኮቴውን ሳትሰማ ቁርስ አይወርድላትም።

አባቷ ጋሽ ኤሱማን ግን የምክር ቤቱ ስም ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ለሊቀመንበርነት ተወዳድረው በበርበሬ ነጋዴዋ በእትዬ ኬሰዋ ስለተሸነፉ አኩርፈው ወጥተዋል። ዘንድሮ ይባስ ብለው የሱቃቸውን ፊት በእንጨትና በቆርቆሮ አስረዝመው መተላለፊያው ላይ በረንዳ አወጡ።

«ምክር ቤቱ ይህን እንጨት የነካ ዕለት ያ ቀርከሃ ተሸካሚ ልጄን ይርሳት» አሉ ገበያው እየሰማ።

ኤቦም ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነሱ በር ሲደርስ ቀርከሃውን ወደ ላይ ያቆመዋል፤ በረንዳውን ካለፈ በኋላ መልሶ ያጋድመዋል። ኤክዋ መጀመሪያ ያየች ዕለት ልቧ ቀለጠ። ለእሷ ሲል መሆኑ ገብቷታል።

ከዚያ የበረሃው ንፋስ ወቅት ሃርማታን ገባ። ደረቁ ንፋስ ከንፈር ሰነጠቀ፤ ጣውላው ሁሉ በራሱ ይንጣጣ ጀመር። ፀሐይዋ አቧራ ውስጥ ገርጥታ ትውላለች። ከወዴት እንደሆነ ያልታወቀ የጭስ ሽታ ይመጣል፣ ይጠፋል። ኤክዋን አሁን ያ የቆመ ቀርከሃ ያስፈራት ጀመር።

«ዛሬም አቆምከው?» አለችው አንድ ጠዋት።

«እሑድ ከአጎቴ ጋር አንቺን ልንጠይቅ መጠጥ ይዘን በራችሁን እናንኳኳለን። አባትሽ እሺ ይበሉኝና ከዚያ ስለ በረንዳው እነግራቸዋለሁ።»

«እሳት እሑድን ይጠብቅልሃል?»

«ታዲያ አንቺን ልጣ?»

ኤክዋ ቀና ብላ በረንዳውን አየች። ንፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ ከጎማ ነጋዴዎቹ ተራ ጥቁር ጭስ ተነሳ። የቦቴው ጡሩምባ ከታች እየጮኸ መጣ። ኤክዋ በረንዳውን አየችና ከጎረቤት አናጢ እጅ መጥረቢያ ነጠቀች።

«አንቺ! ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ አባቷ።

«ከሥሩ ይውጡ አባባ! ቦቴው አያልፍም!»

«ያን እንጨት ብትመቺ ልጄ አይደለሽም!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ፀጉሯን የጎነጎኑላት እኒህ ሰው ናቸው። ትወዳቸዋለች። ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ። ዓይኗን ጨፍና መታች።

ኤቦ እየሮጠ ደረሰ፤ ሁለተኛውን ምሰሶ በትከሻው ገፋ። በረንዳው ሲደረመስ የጨርቁ ጥቅል መንገዱን ሞላው። የሚሰበስብበት ጊዜ አልነበረም። ቦቴው ጨርቁ ላይ እየተረማመደ አለፈ፤ ጋሽ ኤሱማን ቆመው አዩት።

እሳቱ የጎማውን ተራ በልቶ በርበሬው ተራ ላይ ቆመ። ሰው አልሞተም። ያን ዕለት አመሻሽ ኤቦ ቀርከሃውን በምክር ቤቱ አባላት ፊት አስቀመጠ።

«አውቄ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሌላ ሰው ይያዘው» አለ። እትዬ ኬሰዋ ተቀበለችው፤ አላባበለችውም።

በማግሥቱ አባላቱ የጎማ ነጋዴዎቹን ሱቆች መልሰው ማቆም ጀመሩ። እትዬ ኬሰዋ ደግሞ ሴቶቹን አስከትላ መጥታ የቦቴው ጎማ የሄደበትን ጨርቅ ማጠብ ያዘች።

«እኔ እኮ አባል አይደለሁም» አሉ ጋሽ ኤሱማን።

«ጎረቤቴ ነህ። አሁን ዞር በልልኝ፣ ውሃ እንዳልደፋብህ።»

ዞር አሉ። ኤክዋን ግን አላናገሯትም፤ ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም።

እሑድ በሩ ተንኳኳ። የኤቦ አጎት ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ኤቦ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ውጭ ንፋሱ አልበረደም።

መጠጡን ከመቀበሉ በፊት አባት «ልቀበል?» እያለ ሴት ልጁን ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ልማዱ ነው። ልጄ ካላላት ግን የሚጠይቀው የለም። ጋሽ ኤሱማን እንጨት የሰነጣጠቀውን እጇን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ልቀበል?»

እሺታው ከንፈሯ ላይ ነበር። ግን «ልጄ» የምትለዋን ቃል ደግማ ልትሰማ ፈለገችና፣ ኤቦ ላብ እስኪያሰጥመው ድረስ፣ እስከ ሦስተኛው ጥያቄ ዝም አለች።