አንገቱ የተደፈጠጠው ጥሩምባ

ይህን ፈጠራ ነው የሚል ይበል። አልጣላውም። ግን ሆኗል።

ሦስት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ አክስቴ እና ራዲያተር ጠጋኙ። ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ፀሐይዋ በጋራዡ ቆርቆሮ ቀዳዳዎች እየገባች ወለሉን ነጠብጣብ አድርጋዋለች። ጨለማ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጠጋኙን ሰፈሩ "ጋሽ ጠብታ" ይለዋል። የሚያፈስ ነገር አያመልጠውማ።

ይዤለት የሄድኩት የቅድመ አያቴን የጦር ጥሩምባ ነው። ቅድመ አያቴ ወታደር ነበር፤ ጥሩምባ እየነፋ ጓዶቹን ለሰልፍ የሚጠራ። አሁን የጥሩምባው አንገት ተደፍጥጦ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል። ትንፋሽ አያሳልፍም።

አባቴ ሳንባውን ታሞ ከተኛ ቆይቷል። "ድምፁን አንዴ ሰምቼ ልሙት" አለኝ።

እምቢ ማለት አልሆንልኝ አለ። ድሮም ለማንም አይሆንልኝም።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ግን ጋራዥ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

"እንዳለ ይቀመጥ!" አለች። "ወድቆ መሰላችሁ? አያቴ ራሱ ነው በመዶሻ የቀጠቀጠው። በገዛ እጁ!"

"ለምን?" አለ ጋሽ ጠብታ።

"እኔ ምን አውቄ። ሲጠየቅ ክፍሉን ጥሎ ይወጣ ነበር።"

"ይተዉት እትዬ፤ ተናደው ይሆናል። እኔም ስንቱን ራዲያተር በካልቾ ብያለሁ።" ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ ዝምተኛው? ልክፈተው ወይስ ልተወው?"

"አባዬ... እየጠበቀ ነው" አልኩ።

ጋሽ ጠብታ መጀመሪያ እንደ ራዲያተር ሊፈትሸው ፈለገ። ሰፊውን አፍ በጎማ ደፈነና ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነከረው። በመንፊያው በኩል አየር ሲሰድበት፣ ስንጥቅ ካለ በዚያ አረፋ ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው።

የአየሩን ቱቦ ገና አላነሳም። ከመንፊያው አረፋ ወጣ።

ቡልቅ...

ቆመ።

ቡልቅ...

"ውስጡ የቀረ አየር ነው" አለ።

ጠበቅን። የቀረ አየር ያልቃል። ይሄ ግን አላለቀም።

ይወጣል... ይቆማል... ደግሞ ይወጣል...

አክስቴ ክንዴን ጨመደደችው። "ወንድሜ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ሲተኛ እንዲህ ነው የሚተነፍሰው።"

ጋሽ ጠብታ ጥሩምባውን ከውሃው አወጣው። መንፊያውን በጨርቅ ሊጠርግ ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበ።

"ምነው?"

"ይሞቃል።"

"ፀሐዩ ይሆናል..."

"ከቀዝቃዛ ውሃ ነው ያወጣሁት እኮ።"



ያኔ ጠቅልዬው ወደ ቤት ብመለስ ኖሮ... ግን አባቴ ዓይኔ ላይ መጣ። "ክፈተው ጋሼ" አልኩ።

ጎማውን አውልቆ የብረት ዘንግ አስገባ። ቀስ እያለ ገፋ። የተጣበቀው ነሐስ ሲጥ ብሎ ትንሽ ተላቀቀ።

ስልኬ ጮኸ። አባቴን የምታስታምመው እህቴ ናት። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"አባዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ!" አለች። "ሳሉ ቆመለት! ደህና አድርጎ እየተነፈሰ ነው!"

አክስቴ እንኳ ክንዴን ለቀቀች።

"ግፋው" አልኩት ጋሽ ጠብታን። ሰው ሳዝዝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ገፋው። አንገቱ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

እህቴ ስልኩን አልዘጋችም።

"እየሳበ ነው..." አለች።

"ምን?"

"አየር። ደረቱ እያበጠ ነው... ያስገባል... አያስወጣም..."

"አባዬ በይው! ተንፍስ በይው!"

"አይሰማኝም! ዓይኑ ፈጠጠ... አሁንም እየሳበ ነው!"

"መልሱት!" ጮኸች አክስቴ። "እንደነበረ አድርጉት!"

ጋሽ ጠብታ ጥሩምባውን ጥሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መዶሻው አጠገቤ ነበር። አንስቼ አንገቱን መታሁት። ደግሜ መታሁት። ነሐሱ እስኪጠፈጠፍ አልተውኩትም።

በስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ሰማን። ረጅም... በጣም ረጅም... ጥሩምባ ላይ ከንፈር ገጥመው እንደሚገፉት ዓይነት። ድምፅ ግን የለውም።

"ተነፈሰ!" እህቴ አለቀሰች። "ደህና ነው! ተነፈሰ!"

አክስቴ መሬቱ ላይ ዝርፍጥ አለች። "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ደንበኛ እንዳታመጣብኝ" አለ ጋሽ ጠብታ። ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

በራችን ላይ የሰፈሩ ወንዶች ቆመዋል። በአንድ መስመር። በቁመት ተራ።

ዳቦ ጋጋሪው እጁ እስከ ክርኑ ሊጥ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዟል። አጠገቡ ደንበኛው፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ። ጡረተኛው ጎረቤታችን በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጓል።

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ።

የዞረ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ፣ ፊት ለፊቱን እያየ፣ "ተጠራን" አለ።

"ማን ጠራችሁ?"

"አልሰማህም እንዴ?"

ቀና ስል አባቴ መስኮቱ ላይ ነው። በሁለት እግሩ ቆሟል። ፊቱ እንደ ወጣት ፊት ቀልቷል።

"ግባ ልጄ" አለኝ በቀስታ። "ከመንገዳቸው ውጣ።"

ገባሁ።

ሁሉም ግራ እግራቸውን እኩል አነሱ። የደንበኛው አገጭ ላይ ያለው አረፋ መንገዱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሲሄዱ አየናቸው።

አባቴ አሁን ጤነኛ ነው። ከሄዱት አንድም ሰው አልተመለሰም።