«ናይስ» የተከለከለበት ክፍል

ልብስ ሰፊዋ እንግሊዝኛ መማር የጀመረችው ለፍቅር ብላ አልነበረም። የምትሠራበት ስፌት ቤት ቀሚሶቹን ወደ ውጭ አገር መላክ ሲጀምር፣ የእያንዳንዱን ቀሚስ ሁኔታ በእንግሊዝኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ተፈለገ። እሷ ደግሞ ስለ ቀሚስ ከሆነ ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ናት። የጎደላት ቃሉ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ የምትማርበት ክፍል ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነው። መምህሩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የማይወዱትን ቃል ቆርጠው ስለሚጥሉ ተማሪዎቹ ከጀርባቸው «መቀስ» ይሏቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ናይስ»፣ ማለትም ጥሩ፣ ብለው ጻፉና በቀይ ጠመኔ ሰረዙት።

«ይሄ ቃል እዚህ ክፍል አይገባም» አሉ። «ቀሚሱ ናይስ፣ ሻዩ ናይስ፣ ሰውየው ናይስ። እኔ ታክቶኛል። ይህ ቃል ከአፉ ያመለጠው ሰው ተነስቶ ከጎኑ የተቀመጠውን በሦስት ቅጽል ይገልጻል። አንዴ የተባለ ቃል አይደገምም። ውሸትም አይፈቀድም።»

ከልብስ ሰፊዋ ጎን የተቀመጠው ወጣት ሰዓት ሠሪ ነበር። ገና በዚያው ዕለት ስለ አየሩ ተጠይቆ «ናይስ» አለና ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት። ተነስቶ ራሱን አከከ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ኔት» አለ፤ ንጹሕ። «ክዋየት» አለ፤ ዝምተኛ። ሦስተኛውን ቃል ፍለጋ ፊቷን ትንሽ ቆየት ብሎ አየና «ብራይት» አለ፤ ብሩህ።

እሷ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

በሁለተኛውም ሳምንት አመለጠው፣ በሦስተኛውም። መምህሩ ተስፋ ሊቆርጡበት ደረሱ። እሷ ግን ሥራ ቦታ ሄዳ ቃላቱን በጨርቅ ቁራጭ ላይ ትጽፍና ከስፌት መኪናዋ በላይ በመርፌ ቁልፍ ትሰቅላቸዋለች። የመምህሩን ቃላት በአቡጀዲ፣ የሰዓት ሠሪውን በሐር። ለምን ለይታ እንደምትጽፍ የጠየቃት ሰው የለም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ጠዋት መስተዋት ፊት እንደምትዘገይ ልብ ያሉት እናቷ ናቸው።

«ከጎንሽ የሚቀመጠው ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደህናማ በራችንም ደህና ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ሰው ነው።»

በሰባተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ በአንድ ቃል ከመምህሩ ጋር ግማሽ ሰዓት ተሟገተች። በመጨረሻ መዝገበ ቃላት ተገልጦ እሷ ልክ ሆና ተገኘች። ወዲያው ሰዓት ሠሪው እንደ ልማዱ ናይስ አለና ተነሳ።

«ስታቦርን» አለ፤ ግትር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ያለውን አልሰማችም። ትምህርቱ ሲያልቅ ደረጃው ላይ ጠበቀችው።

«ሰው ልታስቅብኝ ነው የምትነሳው?»

«ውሸት አይፈቀድም ተብሏል እኮ» አላት፤ ቀልዶ ሊያልፍ።

«እንግዲያው እውነትህን ለሌላ ሰው ንገር።»

እሱም ደብተሩን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወረደ። አንዲት ይቅርታ ምን ታደርገው ነበር? በሚቀጥለው ማክሰኞ እሷ ከፊት ወንበር፣ ሹራብ እየሠሩ ከሚማሩት ጡረተኛ ነርስ አጠገብ ተቀመጠች። በእሷ ቦታ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ባለታክሲው፣ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሰዓት ሠሪው ናይስ ማለት ተወ። በስምንተኛው ሳምንት አንዴም አላመለጠው፤ በዘጠነኛውም። መምህሩ «ተመስገን፣ በመጨረሻ ገባህ» ብለው ትከሻውን መቱት። የእሷ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሰባት ሳምንት ሰባት ጊዜ የሚያመልጠው ሰው በአንድ ቀን ምን አገኘውና ነው?

«ከመጀመሪያውም ገብቶታል» አሉ ነርሷ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ። «ያን ዕለት ከግትር በኋላ ያለውን ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«‹ብሬቭ› አለ፤ ደፋር። ከዚያ ‹ሬር› አለ። እንዳንቺ ያለች አትገኝም ማለቱ ነው። አሁን እንግዲህ ሱቁን ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውር ነው አሉ። ቀጣዩ ማክሰኞ የመጨረሻው ነው።»

በማግስቱ ሁለቱን ቃላት በሐር ጽፋ ከሌሎቹ ጎን ሰቀለቻቸው።

በመጨረሻው ማክሰኞ ቀድማ ደርሳ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ባለታክሲው መጥቶ አያትና ወደ ፊት ወንበር አለፈ። ሰዓት ሠሪው ሲገባ በሩ ላይ ቆም አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ።

ተራዋ ሲደርስ ተነስታ ስለሰፋችው ቀሚስ የጻፈችውን አነበበች። አንድም የደከመ ቃል አልነበረውም፤ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ያዳመጡት። ስትጨርስ ግን አልተቀመጠችም።

«ባጭሩ» አለች፣ «ቀሚሱ ናይስ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺም?»

«አመለጠኝ» አለች፤ ቅንጣት ሳታፍር።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች። «ፔሸንት» አለች፤ ታጋሽ። «ኦነስት» አለች፤ ሐቀኛ። ሦስተኛው ላይ የተማረችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«መምህር፣ ሦስተኛውን በአማርኛ ልበለው?»

«በይ።»

«ናፍቆኛል።»

የሳቀ የለም። ሰዓት ሠሪው ተነሳ።

«ናይስ» አለ።

«አንተን ደግሞ ምን ነካህ?» አሉ መምህሩ።

«ናይስ። ናይስ።» ሦስት ጊዜ፤ የዘጠኝ ቃል ቅጣት።

መምህሩ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «የአንተን ደረጃው ላይ ጨርስ» አሉት።

ደረጃው ላይ የትኩስ ዳቦ ሽታ ነበር። «ልትሄድ ነው አሉ» አለችው።

«ዕቃዬን አሽጌያለሁ።»

«እና?»

«የታሸገ ይፈታል» አላት። ከዚያ የተፈረደበትን ዘጠኝ ቃል አንድ በአንድ ነገራት፤ ግማሾቹን አልተማረቻቸውም ነበር፣ ግን ገቧት።

የዚያን ዕለት እናቷ ያንኑ ጥያቄ ደገሙ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅቱ ጀመረች፣ እራቱ ቀዘቀዘ፣ አልጨረሰችም።

«በቃ በቃ» አሉ እናት። «እሁድ ይምጣና የቀረውን ራሴ ልየው።»

እሁድ በተባለው ሰዓት፣ ደቂቃ ሳይዛነፍ፣ በሩ ተንኳኳ። እናት ከፍተው ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ደህና ነው» አሉ።

«እማዬ፣ እንዲህ አይባልም። ሦስት ቃል።»

እናት እንደገና አዩት። እሱ ቆሞ ጠበቀ።

«ረጅም» አሉ። «ቀጭን» አሉ። ትንሽ አሰቡና ክንዱን ይዘው ወደ ውስጥ እየሳቡት፣ «የእኛ» አሉ።