ከጉሙ ውስጥ የተሰማው ቆርቆሮ

የሱማርን ሬሳ ያገኙት ባሕሩ ሲሸሽ፣ ከሰፈሩ በስተምዕራብ ካለው ጥልቅ ቦይ አፍ ላይ ነው። ፊቱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ተደፍቷል። የዓሣ ቅርጫቱ በገመድ ከጀርባው እንደታሰረ ነበር፤ እስከ አፉ ሞልቷል።

መርማሪ ቬልጂ ከከተማ በጀልባ የደረሰው በማግስቱ፣ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ያስጠራችው የሟች ሚስት ሃዋባይ ናት። ከች በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ዳር በብርድ ወራት ጉም ሰው መብላቱ ብርቅ አይደለም፤ እሷ ግን አልተቀበለችውም።

«የባሌን እግር ጭቃው ያውቀዋል» አለችው። «መንገድ የሚስት ሰው አልነበረም።»

ሰፈሩ ባለባት ትንሽ ደሴት ላይ ብርዱን የሚያሳልፉት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሁን ሃዋባይ፣ የሟች ታናሽ ወንድም አማድ እና ጎረቤታቸው ሽማግሌው ጁሳብ ቀርተዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዶቹ ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው በካስማ ወደተወጠረው መረብ ይሄዳሉ፤ ውሃው ሳይመለስ ይመለሳሉ። ጉም ከወረደ ሰፈር የቀረው ሰው ከጎጆው ደጅ ቆሞ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይመታል፤ ጭቃው ላይ ያሉት ድምፁን ተከትለው ይገባሉ። ሱማር የሞተ ዕለት ጠዋት የመምታቱ ተራ የአማድ ነበር።

ቬልጂ መጀመሪያ ጁሳብን ጠየቀ። ሽማግሌው ከሱማር ጋር በመረብ መትከያ ቦታ የተነሳ ተጣልቶ እንደነበር፣ ያን ጠዋት ሁለቱም ጭቃው ላይ ሆነው በሕይወት የተመለሰው እሱ ብቻ እንደሆነ አልሸሸገም።

«ተጣልተናል፣ ጌታዬ። በዚህ ምድረ በዳ ሌላ ከማን ጋር ልጣላ? ጠዋት ተጣልተን ማታ አንዷን ሲጋራ ለሁለት እናጨሳለን።»

«እንዴት ተመለስክ?»

«በአፍንጫዬ። ቆርቆሮው ከምዕራብ የሚጮህ መሰለኝ። ጆሮዬ እንደሆነ አርጅቷል፣ አላምነውም። የሃዋባይ የኩበት ጭስ ሲሸተኝ ወደሱ ሄድኩ።»

ሃዋባይ ደግሞ ድምፁ የወትሮውን ያህል አልጮኸም አለች። ሌላ ጊዜ ደጅ ላይ ሲመታ ጎጆው ውስጥ መነጋገር እንኳን አይቻልም፤ ያን ጠዋት ግን ከሩቅ የሚመጣ መስሏት፣ የአማድ እጅ ዝሎ ነው ብላ አለፈችው። ስለ ወንድማማቾቹ ሲጠይቃት፣ ተጣልተው አያውቁም አለች። ከጎጆው ጀርባ ያለው አነስተኛ መቃብር የማን እንደሆነ ሲጠይቃት ግን ድምፅዋ ተቀየረ። የአማድ አንድ ልጅ፣ የኢሻቅ ነው። አምና እንዲሁ በጉም ሞተ። ያን ቀን ቆርቆሮውን ማን ይመታ እንደነበር ጠየቃት። እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች።

አማድ እግሩን ብርድ ልብስ ውስጥ ሸጉጦ ተቀምጧል። ከደጅ ንቅንቅ አላልኩም አለ። ቬልጂ ወደ ቦዩ እንዲያደርሰው ሲለምነው፣ አሞኛል ብሎ እምቢ አለ።

መርማሪው ብቻውን ወደ ቦዩ ሄደ። ዙሪያው የሚያሰምጥ ጭቃ ነው። ሰው የሚያቆም ቦታ አንድ ብቻ አገኘ፤ ስለታም ዛጎል የለበሰ የድንጋይ ክምር። ሲወጣበት የጫማው ሶል ተተለተለ። ከዚያ ላይ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ባዶ አሸዋና ባዶ ባሕር ነበር። አንዲት ጎጆ እንደ ጥቁር ነጥብ በሩቁ ትታያለች።

ሲመለስ ሦስቱን ከእሳቱ ዙሪያ ሰበሰበ።

«ሱማር መንገድ አልጠፋውም» ብሎ ጀመረ። «መንገድ የጠፋው ሰው ውሃ ሲከበው አስቀድሞ ሸክሙን ይጥላል። እሱ ቅርጫቱን አልፈታም። ወደ ቤቱ እየገባ ነበር የመሰለው። ለምን መሰለው? ቆርቆሮውን ስለሰማ። ጁሳብ ከምዕራብ ሰማሁ ያለው ጆሮው አርጅቶ አይደለም። እሜቴም የአማድ እጅ የዛለ የመሰላት ቆርቆሮው ከደጇ ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው በጉሙ ተሸፍኖ ቆርቆሮውን ወደ ቦዩ ወስዶታል። ጁሳብ እንዳይባል፣ ድምፁን የሰማው ጭቃው ላይ ሆኖ ነው፤ ደግሞስ የገዛ ጥፋቱን ምልክት ለምን በአፉ ይነግረኛል? እሜቴም እዚህ እሳት ታነድ ነበር፤ ጁሳብን ያዳነው ጭሷ ነው። እዚያ የሚያስቆመው ደግሞ ያ የዛጎል ድንጋይ ብቻ ነው። በባዶ እግሩ የቆመበት ሰው ሳይቆረጥ አይወርድም። ደጅ ያለው ለስላሳ አሸዋ ግን ማንንም አይቆርጥም።» ወደ አማድ ዞረ። «እግርህን አሳየኝ፣ ወንድሜ።»

አማድ ብርድ ልብሱን ራሱ ገለጠው። ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ ተሸንትረዋል።

«አምና ልጄ ጉም ውስጥ ሲጣራ፣ ጋሼ ሱማር ቆርቆሮውን ትቶ እሳት ሊሞቅ ገብቶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ብርዱ ጠናብኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንስተነው አናውቅም። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሳህን በላን።»

ሃዋባይ፣ «ባሌ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ስትል ጠየቀችው።

«‹አማድ፣ ደርሻለሁ። ብርዱ ይጎዳሃል፣ አንተ ግባና እሳት ሙቅ› አለኝ።»

«አንተስ?»

«መምታቴን አላቆምኩም፣ እትዬ።»



ውሃው ሲመለስ ሬሳውን ወደ ጀልባው ማድረስ ነበረባቸው። ቃሬዛው አራት ሰው ይፈልጋል። ቬልጂ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እሱን ያመጣው ባለ ጀልባና ጁሳብም ያዙ። ከአማድ በቀር አራተኛ ሰው አልነበረም። ደሴቲቱን ቢዞሯት የሚጠራ ጎረቤት የለም። መርማሪው ሃዋባይን አያት።

እሷ አማድን አላየችውም። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከራስጌው ገለል አለችለት።

«ያንሣው» አለች። «ሌላ ማን አለው?»