«ልቀቅ» ያለው ማነው?

«ፉጨት» የሚሉት የሕንፃ ሠራተኛ የሞተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሰው ሥራ ላይ ባለበት ነው። ክሬኑ ያንጠለጠለው የፌሮ እስር ወረደበት፣ አለቀ። ምልክት ሰጪ ነበር። ክሬን ነጂው ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ስለማያይ፣ በሬዲዮ ዐይን የሚሆነው እሱ ነው። ታዲያ ሌላውን ከጭነት ስር ሲያባርር የኖረ ሰው ራሱ ምን ሊያደርግ ገባ?

ከሥራ ደህንነት ቢሮ የመጣችውን መርማሪ ሠራተኛው «እትዬ» ይላታል። ወሬ ማንዛዛት አትወድም። ሬሳው ሳይነሳ አጠገቡ ተንበረከከች። ሟቹ ለፌሮው መደገፊያ የሚሆነውን ወፍራም እንጨት በሁለት እጁ እንደጨበጠ ነው፤ ሬዲዮው ደረቱ ላይ ተሰክቷል።

ክሬን ነጂው ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ፖሊስ በር ላይ እየጠበቀው ነው፤ መንጃ ፈቃዱም ነፃነቱም በዚች ቀን ያበቃሉ።

«‹ቁም› አለኝ፣ ቆምኩ። ቆይቶ ‹ልቀቅ› ተባልኩ፣ ለቀቅሁ።»

«ማነው ያለህ?»

«ሬዲዮው።»

«ሬዲዮ አፍ አወጣ እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። ይሄ ልጅ የሚሸፍነው ሰው አለ፣ አለች በሆዷ።

ከሟቹና ከክሬን ነጂው ሬዲዮ ሌላ፣ ሦስተኛው ሬዲዮ ስቶር ውስጥ ይቀመጣል። የስቶር ኃላፊዋ፣ መሐንዲሱና ፎርማኑ እንደልባቸው ያነሱታል፤ ዛሬ ግን ሦስቱም አልነካንም ባዮች ናቸው። እትዬ ለየብቻ ጠርታ ጭነት እንዴት እንደሚወርድ እንዲያስረዷት ጠየቀች። ኃላፊዋ «‹አውርድ› ይባላል» አለች። መሐንዲሱም እንደዚያው ብሎ ምክንያቱን ጨመረላት። ከሁለት ሳምንት በፊት ፉጨት «ጠብቅ» ሲል ነጂው «ልቀቅ» ሰምቶ ሰው ለጥቂት ተረፈ። ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ከሁለቱም ቃል የሚሰማው ጭራቸው «ቅ» ብቻ ነው። ስለዚህ ፉጨት ሁሉን ሰብስቦ ሁለቱንም ቃል አገደ፤ በምትካቸው «ቁም» እና «አውርድ» ገቡ። ከዚያ ወዲህ የድሮውን ቃል የሚል ሰው መሳቂያ ነው።

ፎርማኑ የክሬን ነጂው ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ ሥራውንም ያስገባው እሱ ነው።

«ልጁ ቸኮለ፣ እትዬ» አለ። «ፉጨት ‹ልቀቅ› ሳይለው ለቀቀ። ቃሌን በጽሑፍም ሰጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ?»

«ስብሰባው ላይ ነበሩ?»

«እንዴታ! የስብሰባው ስም ዝርዝር ላይ ፊርማዬ አለ እኮ።»

እኩለ ቀን ላይ አራቱንም በቆርቆሮው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ፉጨት ‹ቁም› ብሎ፣ ክሬኑ መቆሙን አይቶ፣ እንጨቱን ሊያስተካክል ገባ» አለች። «ሁለት እጁ የተያዘ ሰው የሬዲዮ ቁልፍ አይጫንም። ስለዚህ የተናገረው ሦስተኛው ሬዲዮ ነው። ቃሉ ደግሞ ‹ልቀቅ› ነው። ስብሰባው ላይ የነበረ ሰው ይህን ቃል አይልም። ፎርማን፣ እርስዎ ፈርመዋል እንጂ አልተገኙም። ጠዋት ለእኔ ሲያስረዱ እንኳ ‹ልቀቅ ሳይለው› አሉኝ።»

ፎርማኑ ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ ድምፄን ማን ሰማው ሲል ተከራከረ።

እትዬ ፎርማኑ በጽሑፍ የሰጠውን ቃል አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ክሬን ነጂው ማንም ሳያዘው፣ በገዛ ፈቃዱ ጭነቱን አውርዶ ሰው ገድሏል።» ከስሩ የፎርማኑ ፊርማ አለ።

ክሬን ነጂው ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማውን ደጋግሞ አየው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ አንተ ጻፍከው?»

ፎርማኑ ፊቱን አዞረ።

«ደንቡ ከምልክት ሰጪው በቀር ማንም ክሬን እንዳያዝ ይከለክላል» አለች እትዬ። «አንተስ ለምን ታዘዝክ?»

«ድምፁ የጋሼ ነዋ። ሌላ ሰው ቢሆን ‹ማነህ?› እል ነበር። እሱ ያለኝን ጠይቄ አላውቅም።»

ፎርማኑ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሥራው ዘግይቶ ተቻኩሎ እንደነበር፣ ከቆመበት አራተኛ ፎቅ ፉጨት እንዳልታየው፣ ልጆች እንዳሉት፣ ወንድሙ ግን ገና እንዳላገባ እየተንተባተበ ተናገረ።

«ያን ሁሉ አውቃለሁ» አለ ክሬን ነጂው። «ከጠዋት ጀምሮ አፌን የዘጋሁት ላንተ ብዬ ነው፤ እስር ቤትም ልገባልህ ቆርጬ ነበር። ብትጠይቀኝ ኖሮ እሺ እልህ ነበር፣ ጋሼ። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»