ከቀይዋ መኪና ሥር

በሶዶ ስለዚያች ቀይ መኪና ማወቅ የፈለገ ሁሉ የሚጠይቀው ባሌን ሶርሳን ነው። እኔን አጠገቡ ተቀምጬ እያየ ያልፈኛል። አንዴ «እኔም ነበርኩበት» ብል አንዱ ጎረምሳ ሳቀብኝ። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ የመኪና ነገር ምን ያውቃሉ?» ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይን አለኝ። ያቺ መኪና የተስተካከለችው በእኔ ክብደት ነው። የተሰበረችውም በእኔ ምላስ ነው። ይህንንም ቢሆን አልደብቅም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አድነው የሚባል የቡና ነጋዴ ልጅ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የጣሊያን መኪና ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። ዝቅ ብላ መሬት ካልሳመች ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሶርሳ ያኔ መካኒክ ነው፤ ሞላዎቿን ቆርጦ ዝቅ አደረጋት። ዝቅ ስትል ግን መሪዋ አበደ፤ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ጎማው በራሱ ይዞራል። ስለዚህ የመሪውን ዘንጎች ዝቅ አድርጎ እንደገና ማስተካከል ነበረበት። ይህ ደግሞ የሚሠራው ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ፣ መኪናዋ በክብደቱ ዝቅ ስትል ነው።

የቅቤ ቅል ይዤ በጋራዡ በኩል ወደ ገበያ ሳልፍ ከመኪናዋ ሥር አንድ ራስ ብቅ አለ።

«እህቴ፣ ከባድ ነሽ?»

ቆምኩ። «የኔን ነው የቅቤውን የምትጠይቀው?»

«የሁለታችሁንም። አድነው ወፍራም ነው፤ አንድ ቦታ ደግሞ አይቀመጥልኝም። እሱን የሚያክል ሰው ፈልጌ ነው።»

እንዲህ ተብላ የተለከፈች ሴት ታውቃላችሁ? ልረግመው አፌን ከፈትኩ... ዓይኑ ግን የዋህ ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በየገበያው ቀን ክብደት ሆንኩለት። እኔ መሪ ይዤ ላይ፣ እሱ ዘይት ለብሶ ታች። የምናወራው በወለሉ በኩል ነው።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አስካለች።»

«ይዣለሁ። አንተ ምላስህን ያዝ።»

«ዛሬ ቀለልሽብኝ። ቁርስ አልበላሽም እንዴ?»

«ወዳንተ ልመጣ ስል መቼ ይበላልኛል።»

ዝም ይላል። ሲያፍር ነው ዝም የሚለው፤ ፊቱን ባላየውም አውቀዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«አስካለች... ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ይቀበላሉ?»

ልቤ ዘለለ። ምላሴ ግን መች ያርፋል። «ከመኪና ሥር ተኝቶ ሚስት የሚጠይቅ ማን ነው? ውጣና ፊቴን እያየህ ጠይቀኝ።»

ወጣ። ፊቱ ጥቀርሻ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ። ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። እየሳቅን እስከ ገበያው ሸኘኝ።

በማግስቱ አድነው ተበላ ወደምትባለው ከተማ ሲወርድ መኪናዋ ቦይ ገባች፤ እግሩ ተሰበረ፣ እሷም ተጎትታ ጋራዡ ተመለሰች ተባለ። ሽማግሌም ሳይመጣ ቀረ። አባቴ «ንቆሽ ነው» አለ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ፤ አለቀስኩ፣ ሰደብኩት።

አድነውን ልጠይቅ ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ።

«ሶርሳ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ» አለኝ። «የመሪውን ዘንግ የሚቆልፈውን ዳዶ ሳያጠብቅ ከሥር ወጥቶ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁ። ለምን እንደወጣ ግን አልነገረኝም።»

ዓይኔን ከታሰረው እግሩ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ ውጣ ያልኩት» አልኩ።

«አንቺንም ይቅር ብያለሁ። እንግዲያው ሄደሽ አውጪው። ከዚያ ወዲህ ከመኪናዋ ሥር አልወጣም ይላሉ።»

በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። ምንም ሳልል ገብቼ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ዝቅ አለች።

«ውረጂ፣ አስካለች።»

«በምን አወቅከኝ?»

«ክብደትሽ አይጠፋኝም። ውረጂ። ፊትሽን ሳስብ የሱ እግር ነው የሚታየኝ። በደስታዬ ሰው ሰበርኩ፤ ከእንግዲህ እንዴት ደስ ይለኛል?»

«ውጣ ያልኩህ እኔ አይደለሁም? ጥፋቱን ብቻህን ተሸከም ያለህ ማን ነው? ግማሹ የኔ ነው። ስጠኝ።»

«ጎሜ ነው። ለልጆቻችን ይተርፋል።»

ጎሜ በኛ አገር ዘር የሚከተል በደል ነው፤ ስሙ ሲጠራ እኔም ፈራሁ። ግን መሪውን አልለቀቅኩም።

«ጎሜ የሚከተለው የደበቀውን ነው። አንተም ነግረኸዋል፣ እኔም ነግሬዋለሁ፤ ሁለታችንንም ይቅር ብሏል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

ከታች ዝም አለ። የሐፍረቱ ዝምታ አልነበረም፤ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ።

«ሶርሳ፣ ዳዶውን አጥብቀው። ደግመህ እየው። ከዚያ ውጣና ፊቴን እያየህ እምቢ በለኝ።»