የቅዳሜ ጸጉር

«ማነው እንዲህ አሳምሮ የሠራሽ?»

ጠያቂዋ ፋዲላ፣ ተጠያቂዋ ሶሬቲ፣ በጭንቀት የምታልቀው ግን ጀናን ነበረች። ሶሬቲ ከበሩ ስትገባ ጸጉሯ አናቷ ላይ ተጠቅልሎ፣ አንዲት ዘለላ ሳታፈነግጥ ድቡልቡል ብሎ ተቀምጧል። ጀናን ከእህቷ ከፋዲላ ጀርባ ቆማ ሶሬቲ ላይ ዐይኗን አፈጠጠች። ያንን ጸጉር ጠዋት የሠራችው እሷ ናት።

«አክስቴ ናት፤ ጠዋት ሠርታኝ ወደ አገሯ ሄደች» አለች ሶሬቲ፣ የጓደኛ ነገር ሆኖባት።

«እጇ ይባረክ!» አለች ፋዲላ። የራሷ እጆች ግን ከክርኗ ጀምሮ ሒና ተቀብተው፣ እንዳይነካኩ ትራስ ላይ ተዘርግተዋል። ነገ እሑድ ኒካዋ ታስሮ ትዳራለች። ዛሬ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የሰፈሩ ሴቶች ለሒናው ይሰበሰባሉ። ወንድ ድርሽ ስለማይል ሁሉም ሻሿን ጥላ ጸጉሯን የምታሳይበት ቀን ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚታየው ደግሞ የሙሽራዋ ነው።

ጀናን ጓደኛዋን ጎትታ ጓዳ አስገባቻት።

«ፍቺው አላልኩሽም?»

«አቦ፣ ፏ ብዬ እንዴት ልፍታው?» አለች ሶሬቲ። «ደግሞ ብታውቅስ ምን ችግር አለው? ሙያ እኮ ነው፣ ወንጀል አይደለም።»

ለሶሬቲ ቀላል ነው። ለጀናን ግን ነገሩ ከሥር ከመሠረቱ ሌላ ነበር።

ጀናን ገና አንደኛ ክፍል ሳለች፣ ፋዲላ የአባታቸውን አሮጌ ካልሲ ጫፉን ቆርጣ፣ ጠቅልላ ጠቅልላ እንደ ቀለበት አደረገችው። የትንሿን እህቷን ጸጉር ወደ ላይ ሰብስባ በላስቲክ አሰረች፤ ጅራቱን በቀለበቱ መሃል አሳልፋ ዙሪያውን ጠቀለለችላት። ኋላ ሾላ ገበያ ለዚሁ የተሠራ የጸጉር ስፖንጅ ሲመጣ ካልሲው ተሰናበተ። ስፖንጁ መሃሉ ቀዳዳ ስለሆነ እቤታቸው ስሙ «ቦምቦሊኖ» ሆኖ ቀረ። «ቦምቦሊኖዬን ማን ወሰደው?» ሲባል የሰማ እንግዳ ምግብ የጠፋ ይመስለው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፋዲላ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ ትቀመጣለች፤ ጀናን ከታች በጉልበቶቿ መሃል ትቀመጣለች። ከፊታቸው የየካ ባሕር ዛፍ እስከ ኮረብታው አናት ድረስ ይታያል። ፋዲላ የጀናንን የግንባር ዳር ጸጉር በጄልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያስተኛች «አገጭ ቀና!» ትላለች። እናታቸው በሂጃብ ለሚሸፈን ጸጉር ይህ ሁሉ ድካም ምን እንደሚያደርግ ትጠይቃለች። «እኛ እናውቀዋለን!» ይሏታል ሁለቱም። ለሌላ ሰው የማይነገር ነገር ሁሉ የሚወራው ያኔ ነበር። ጀናን በሒሳብ መውደቋን የተናገረችው እዚያ ነው፤ ፋዲላም የያሲርን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳችው እዚያው ነው። ጀናን ከሳምንቱ ሁሉ ያንን ሰዓት አብልጣ ትወድ ነበር።

ዓምና ጀናን ከስልክ እያየች፣ በሶሬቲ ጭንቅላት እየተለማመደች፣ ጥቅልሉን ጥንቅቅ አድርጋ ለመደችው። ቤት ውስጥ ግን ትንፍሽ አላለችም። እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብላ አጣማ እየሠራች «አቃተኝ» ትላለች። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ያሲር ሽማግሌ ልኮ ፋዲላ ከሠርጉ በኋላ ደብረ ብርሃን እንደምትኖር ሲነገር ግን ውሸቱ ከበደ። ፋዲላ «የጀናንን ጸጉር ማን ይሠራል? በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብላ ነበር፤ ያሲርም ተስማማ። ጀናን ራሷ መሥራት እንደምትችል የታወቀ ዕለት ፋዲላ የምትመጣበት ምክንያት አይኖርም። ቢያንስ ጀናን ያመነችው እንደዚያ ነው።

ስልክ ጮኸ። እናታቸው አንስታ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ፊቷ ተለዋወጠ። የሙሽራዋን ጸጉር ልትሠራ የነበረችው አስካለች ልጇ ታሞባት ሐኪም ቤት ነች፤ ልትመጣ አትችልም።

«ጸጉሩ ይቅደም፣ ሒናው ይደርሳል ብዬ ነበር! ማን ሰማኝ?» አለች እናታቸው በቁጣ። «በቅዳሜ ምድር አሁን ማን ይገኛል? እንዲህ ሆነሽስ የት ትሄጃለሽ?»

«ተይው፣ እማዬ። ሻሽ እሰሪልኝና እቀመጣለሁ» አለች ፋዲላ። መጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ።

ሶሬቲ ጀናንን አየቻት። ጀናን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ቅዳሜዎቿም አይነኩባትም። ግን ያቺ ስንት ዓመት ሌላውን ስታስውብ የኖረች ልጅ በገዛ ሒናዋ ቀን ተሸፋፍና ስትቀመጥ ታያት።

«እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንቺ? የራስሽን አቅንተሽ ማሰር የማትችዪው?» አለች እናቷ።

ጀናን ስፖንጁንና ጄሉን አመጣች። በርጩማውን ስባ ከፋዲላ ኋላ ተቀመጠችና ጸጉሩን ውሃ አርከፈከፈችበት። ጄል ቀብታ ወደ ላይ ሰበሰበች፣ በላስቲክ አጠበቀች፣ ስፖንጁን አስገባች። ጸጉሩን ዙሪያውን በእኩል በትና ጫፍ ጫፉን ወደ ሥር ሸጎጠችው። ከላይ በመረብ ሸፍና በፒን ስትይዘው፣ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት፦

«አገጭ ቀና!»

የፋዲላ ትከሻ ደረቅ አለ። የማያውቅ እጅ እንዲህ አይፈጥንም፤ ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እናታቸው መስታወት አምጥታ «ማሻአላህ!» አለችና ምንጣፍ ልታነጥፍ ከሶሬቲ ጋር ወደ ሳሎን ተጣደፈች። ሁለቱ እህትማማቾች ብቻቸውን ቀሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ፋዲላ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት።

«ከዓምና።»

«የሶሬቲም ያንቺ ሥራ ነው?»

«አዎ።»

«ከያሲር ጋር ተጣልቼበታለሁ እኮ! ‹ትልቅ ልጅ ናት፣ ትልመድ› ሲለኝ፣ ‹አንተ አታውቃትም፣ አትችልም› ብዬ ድርቅ አልኩበት።» እንባዋ ወረደ፤ በሒናው ምክንያት መጥረግ አልቻለችም። ጀናን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ታዲያ ዛሬስ ዝም አትዪም ነበር?» አለች ፋዲላ።

«ተሸፋፍነሽ ስትቀመጪ ማየት አልፈለግኩም።»

ፋዲላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲህ ቅዳሜ ለመምጣት ምን ምክንያት ልስጥ?» አለች፤ ቀልድም ኀዘንም ነበረበት።

ከውጭ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች እልልታ ተሰማ።

«አንቺ አትምጪ» አለች ጀናን። «እኔ እመጣለሁ።»

«ደብረ ብርሃን ድረስ? ምን ልትሠሪ?»

«ጸጉርሽን። እዚያ ማን አለሽ?»

«አባዬስ?»

«አስፈቅደዋለሁ።»

ፋዲላ መስታወቱን ትታ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። ብዙ ነገር ልትል የፈለገች ይመስል ነበር፤ ያለችው ግን ይህን ብቻ ነው፦ «ከቀረሽ ሌላ ጸጉር ሠሪ እፈልጋለሁ፣ ዋላሂ።»

«አልቀርም» አለች ጀናን፤ ለእንግዶቹ በር ልትከፍትም ተነሣች።