የሰማያዊው ሸሚዝ ቁልፎች

«ሦስተኛውን ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አለ አባቷ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ እያየ። «ከላይ ያለው ቁልፍ እንዳይንጋደድ። ለሚያየው ሰው እውነተኛ መምሰል አለበት።»

ክርዬ መርፌዋን መዝዛ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ክርዬ የመዝገብ ስሟ አይደለም፤ ቀጭንና ረዥም ስለሆነች አባቷ ገና በልጅነቷ ያወጣላት ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት በር ውጭ ግን ሌላ ስም የላትም። ጭኗ ላይ የተዘረጋው የአባቷ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። የፊቱ ቁልፎች እንደማንኛውም ሸሚዝ ተደርድረዋል፣ ነገር ግን ለዐይን ብቻ ናቸው። ክርዬ ቀዳዳዎቹን በክር ደፍና ቁልፎቹን እላያቸው ላይ ሰፍታቸዋለች። ሥራውን የሚሠሩት ከጀርባቸው የተደበቁት፣ ሲጫኗቸው ቀጭ ብለው የሚገጥሙት የብረት ቁልፎች ናቸው። በመዳፍ ገፋ ማድረግ ይበቃቸዋል፤ ጣት አይፈልጉም።

«ጣቴ ለግሟል» ነበር ያላት። «ጠዋት ጠዋት ከቁልፍ ጋር ስታገል እናትሽን ከሥራ አስረፍዳታለሁ።» እናቷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ንጋት ላይ ካልደረሰች ሊጡ አይጠብቃትም። ስለዚህ ክርዬ አባቷን አመነችው።

ደግሞስ ለምን አታምነው? ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው፣ ያውም እንዴት ያለ! የሰፈሩ ተማሪ በሙሉ እሱ የሰፋውን ዩኒፎርም ለብሶ ነው ያደገው። ድሮ ክር በመርፌ ሲሰካ ዐይኑን እንኳ አያሳርፍበትም ነበር፤ ከደንበኛ ጋር እየተቀላለደ እጁ ብቻውን ይጨርሰዋል። አሁን ክሩን የምትሰካለት እሷ ናት። የመቀሱን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎታል፣ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋልና። ባለፈው ደግሞ የጋለ ካውያ ላይ ጣቱን አሳርፎ ከደንበኛ ጋር ወሬውን ሲቀጥል ክርዬ ነበረች ጮሃ እጁን የጎተተችው። ጣቱ ተልጦ እሱ ምንም አልተሰማውም። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አላት፣ ያችኑ ጣት እያየ።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ሆዱን ሲያመው፣ ሲከሳ፣ ሰገራው ላይ ደም ሲያይ ቆይቶ ሐኪም ቤት የሄደ ጊዜ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው አሉት፤ ወደ ጉበቱም ተሰራጭቷል፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም። ከዚያ ዶክተሩ ስለ አንድ ጥናት ነገራቸው። ታማሚዎቹ ሁሉ በደም ሥር የሚንጠባጠበውን የታወቀውን መድኃኒት ይወስዳሉ። ከሱ ጋር ግማሾቹ አዲስ ክኒን ይጨመርላቸዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚመድበው ኮምፒውተር ነው። ታማሚውም ዶክተሩም አያውቁም።

እናቷ ይህን ስትሰማ «በሰው ነፍስ ዕጣ ይጣላል እንዴ?» ብላ አለቀሰች። ዶክተሩ አዲሱ ክኒን ይሻል እንደሆነ እነሱም ገና እንደማያውቁ፣ ለማወቅ ሌላ መንገድ እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳት። እሷም እንባዋን ጠረገች።

አባቷ ግን ነገሩን የያዘው በሌላ በኩል ነው። ደሙ፣ ኩላሊቱ፣ ልቡ ተመርምሮ ለጥናቱ ይሆናል ሲባል ቤት የገባው «አለፍኩ!» እያለ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥናቱ ለሱ ፈተና ሆነ። ሐኪም ቤት በሚሄድበት ቀን ጢሙን ይላጫል፣ ሱሪውን ይተኩሳል፣ ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና እየተነፈሰም ቢሆን ድጋፍ አይዝም። ጎበዝ ታማሚ ሆኖ መታየት አለበት። ቁጭ ብሎ ሲያስበው፣ ሰነፉን የሚያባርሩት ይመስለዋል።

ቁልፎቹ በተሰፉ ማግስት የመድኃኒቱ ተራ ደረሰ። እናቷ ፈቃድ ተከልክላ ስለነበር አብራው የሄደችው ክርዬ ናት። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ከያንዳንዱ አጠገብ ፈሳሹ የሚንጠለጠልበት ብረት ቆሟል። ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ፤ ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይከታተለውም። የጥናቱ ነርስ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ የምትሰካ ፈገግተኛ ሴት ናት። የምግብ ፍላጎቱን፣ ሆዱን፣ እንቅልፉን ጠየቀችው። ሁሉም ደህና ነው አላት።

«ጣትዎን ይደነዝዘዎታል?»

«ኧረ ምንም ሲስተር።»

«እስቲ ሸሚዝዎን ከፈት አድርገው መልሰው ይቆልፉልኝ።»

አባቷ ሸሚዙን ከፈተ። ከዚያ ጣቶቹን በየቁልፉ ላይ እያመላለሰ፣ በመዳፉ ደረቱን ጫን እያለ ዘጋው። ብረቱ ቀጭ ባለ ቁጥር ድምፁን ለመሸፈን ያስላል። ቀጭ፣ እህህ። ቀጭ፣ እህህ።

«ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?» አለች ነርሷ።

«አቧራ ነው፤ የጨርቅ ሥራ» አላትና ዞር ብሎ ክርዬን ጠቀሳት።

ክርዬ አሁን ገባት። ለካ የሰፋችው ለእናቷ ሥራ መርፈድ አልነበረም! ይህ እኮ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ሒሳብ ፈተና ላይ ኮርጃ የተያዘች ጊዜ እጇን ይዞ መምህሯ ዘንድ ወስዶ «ዜሮ ይስጧት» ብሎ የለመነው ሰው ነው። ዛሬ ዐይኑን በጨው አጥቦ ይኮርጃል፣ አጤሬራውን የሠራችለት ደግሞ እሷ ራሷ።

ነርሷ መርፌውን ሰክታ፣ ፈሳሹን አስተካክላ ስትሄድ ክርዬ ወደ ጆሮው ተጠግታ ለምን እንደዋሸ ጠየቀችው። አባቷ ግራ ቀኙን አየ።

«ደነዘዘኝ ካልኩ መድኃኒቱን ይቀንሱታል፤ ይባስ ብሎ ከጥናቱ ያወጡኛል። ደግሞ ልንገርሽ፣ መደንዘዙ ደግ ምልክት ነው። እውነተኛው ክኒን እንደ ደረሰኝ ያወቅሁት በሱ ነው። ባዶ ክኒን ሰውን ያደነዝዛል? ጉበቴ ላይ ያለው አልጨመረም አላሉም?»

እውነት ነው፣ ባለፈው ምርመራ አልጨመረም ብለው ነበር። ያን ቀን እናቷ ስትዘፍን ሰምታታለች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ክርዬ «እሺ አባዬ» አለችው።

ውሃ ጠማኝ ሲላት ለብ ያለ ልትቀዳለት ወጣች፤ ቀዝቃዛ ከተጎነጨ ጉሮሮው ይነዝረዋል። ኮሪደሩ ላይ ያችው ነርስ ኩባያ ታጥባለች። ክርዬ ልትናገር አልነበረም፤ አፏ ቀደማት። ጣት መደንዘዝ አዲሱ ክኒን እንደ ደረሰ ያሳያል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አያሳይም የኔ ቆንጆ። እሱ የሚመጣው ከሚንጠባጠበው ነው፤ እሱን ደግሞ ሁሉም ይወስደዋል።» ነርሷ ውሃውን ዘጋች። «ሸሚዝ የማስቆልፋቸውም ለዚሁ ነው። በጊዜ ከተነገረን ዶክተሩ ይቀንሰዋል ወይ ያቆመዋል። ከቆየ ግን ጣቱ እንደ ደነዘዘ ሊቀር ይችላል።»

«ከጥናቱስ ያስወጣል?»

«የሚንጠባጠበውን አቁመው ክኒኑን የቀጠሉ ብዙ አሉ። ግን የሚወስነው ዶክተሩ ነው፤ እኔ ቃል አልገባልሽም።» ከዚያ ትክ ብላ አየቻት። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ዝም ብዬ ነው» አለች ክርዬ። ውሃውን ይዛ ተመለሰች። አባቷ አንገቱን አዘንብሎ አንቀላፍቷል፤ ፈሳሹ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወደ ክንዱ ይወርዳል። አሁን ብትጮህ የሚያቆሙት ይመስላታል። ብታስቆመውና ጉበቱ ላይ ያለው ቢጨምርስ? ዝም ብትልና እጁ እንዲሁ ቢቀርስ? የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ኩባያው በእጇ እስኪበርድ ድረስ ከአጠገቡ ቆማ ጠብታውን ስታይ ቆየች፤ በኋላም ሌላ ለብ ያለ ልትቀዳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ውስጥ ውስጡን በሏት። ክፍል ውስጥ ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ምነው፣ ሙድሽ ጠፋ እኮ፤ ማን ነው ያስቀየመሽ?» ስትላት ፈገግ ብላ አለፈችው። ለእናቷ እንዳትነግር እናቷ ገና መዝፈን መጀመሯ ነው። ለአባቷ እንዳትነግር ያች ድንዛዜ የያዛት ተስፋ ናት፤ በምን አፏ ትቀማዋለች? እሱ ደግሞ ማታ ማታ ጣቶቹን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ እያደረገ «ዛሬ ብሶበታል፤ እየሠራ ነው» ይላታል ደስ ብሎት። አንጀቷን ይበላዋል።

የሚቀጥለው ተራ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰማያዊው ሸሚዝ በስፌት ሱቁ ውስጥ ታጥቦ ተሰቅሏል። አባቷ ጀርባውን ለማሳረፍ ወደ ቤት ገብቷል። ስፌት መኪናው ላይ ደግሞ ጀምሮ የተወው የአንድ ሕፃን ዩኒፎርም አለ። ክርዬ አንስታ አየችው። ስፌቱ ተወላግዷል፤ አንድ ቦታ ላይ መርፌው ጣቱን ወግቶት ጨርቁን ደም ነክቶታል። እሱ አላየውም፤ አልተሰማውማ። ክርዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲበቃት አፍንጫዋን ጠርጋ በጨርቅ የተጠቀለለውን መቀስ አነሳች።

ጠዋት እናቷ ከወጣች በኋላ አባቷ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ሸሚዙን ለበሰ። በመዳፉ ደረቱን ጫን አለው። ምንም ድምፅ የለም። ደግሞ ጫነው። ከዚያ ገለጥ አድርጎ አየው። የብረት ቁልፎቹ የሉም፤ ቀዳዳዎቹ ተከፍተዋል፣ የፊቶቹ ቁልፎች በቦታቸው ተሰፍተዋል።

«ክርዬ» አለ ቀስ ብሎ።

በሩ ላይ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። «የክኒኑ ምልክት አይደለም አባዬ። ነርሷን ጠይቄያታለሁ። ከሚንጠባጠበው ነው። የሚወስደውን ሁሉ ሊያደነዝዘው ይችላል።»

«ባዶው ክኒን የደረሰውንም?»

«እሱንም።»

አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፣ ቢቆጣ በወደደች። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የላይኛውን ቁልፍ በሁለት ጣቶቹ ያዘው፤ አመለጠው። ደግሞ ያዘው፤ አመለጠው። ያ ሁሉ ዩኒፎርም ያለፈበት እጅ አንዲት ቁልፍ ከቀዳዳዋ ማገናኘት አልሆነለትም። ክርዬ ማየት አቃታት፤ እጆቿ ወደ ኮሌታው ሄደው መለሰቻቸው።

«በቃ ዝጊልኝ፤ እንዳንረፍድ» አለ ቀና ሳይል።

ብትዘጋለት ከዐይን ጥቅሻ የበለጠ አይፈጅባትም። ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ በተከፈተው ሸሚዝ ላይ ደረበችለት።

«እንዲሁ እንሂድ አባዬ።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ምን ብሎ እንዳሰበ እሷ አላወቀችም፤ ወደፊትም አትጠይቀውም። ከዚያ ተነሳና የሸሚዙን ሁለት ጎን በመዳፉ ደረቱ ላይ ሰብስቦ ይዞ ቀድሟት ወጣ።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ነርሷ ስትጠይቀው «ምንም» ካለ እሷ የምትለውን በልቧ አሰናዳች። «አባዬን ጣቱን ይደነዝዘዋል።» ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ደጋግማ አለችው። ከዚያ ጭኑ ላይ የተቀመጠውን እጁን ያዘችው። አጥብቃ ትያዘው አላልታ እንደማይታወቀው ታውቃለች። ቢሆንም አጥብቃ ያዘችው።